መፈክር የማታውቀው እናት

እማዬ፣ የኔ ደርባባ፣

ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው የቡና ለቀማ ገባ። ጅማ መርካቶ ያለችውን የጨርቅ ሱቅሽን እህቴ ሙሉ ይዛታለች፤ ደንበኞችሽ ዛሬም በኦሮምኛ ሰላም ብለዋት በአማርኛ ይከራከሯታል። ልጅሽ ታዴ ከዘመተበት ከሰሜን አልተመለሰም፤ ወሬውም የለም። ይህን ለአንቺ መጻፍ ከብዶኝ ነው የቆየሁት።

ዛሬ ግን ንዴቴን ለማን ልንገረው? አዲስ አበባ፣ ቴአትር ቤት በተለማማጅነት ስሄድ ሻንጣዬን ያሰርሽልኝ አንቺ ነሽ። ቀብርሽ ላይ ደርሼ ስመለስ ለመድረክ አንቺኑ ጻፍኩ፤ ልጇ ዘምቶ የጠፋባትን እናት።

እዚያ መጀመሪያ ያሠሩኝ መጋረጃ መሳብና ቃል ለጠፋው ተዋናይ ከጎን ሆኖ ማቀበል ነበር። ደራሲ ልሆን መጥቼ ገመድ ጎታች ሆንኩ እያልኩ በገንኩ። ተመልካች መቼ እንደሚሰለች፣ መቼ ትንፋሹን እንደሚውጥ የለየሁት ግን ከዚያ ጥግ ነው። እትዬ በላይነሽ የሚባሉ አንጋፋ ተዋናይ ድርሰቴን ጮክ ብለው አነበቡና፣ "ልጄ፣ እናትሽ እንዲህ ነበር የምትደሰኩረው?" አሉኝ። አንቺ መች ደሰኮርሽ? የታዴን ሸሚዝ አጥበሽ፣ ተኩሰሽ፣ ያለ ቃል ትሰቅይ ነበር እንጂ። ረጅሙን ንግግር ሰርዤ ሸሚዙን አስገባሁ።

ከዚያ አዘጋጁ ድርሰቱን ተቀበለኝ። ታዴን "ኢልማ ኮ"፣ ልጄ፣ የምትይበት ቃል "ጀግናዬ" ሆነ። ሸሚዙ ወጥቶ መፈክር ገባ። "የተከዘች እናት መድረክ ላይ አናቆምም" አለኝ። ቴአትሩ በተመረቀ ቀን አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። እጇን አንስታ የምትፎክረው ሴትዮ አንቺ አልነበርሽማ! ስሜን ግን በትልቁ ለጥፈውታል።

ጅማ ተመልሼ ከአጋሮ ኪነት ቡድን ጋር እንደገና ሠራሁት፤ እንደ መጀመሪያው። ሰው ከለቀማ እንደወጣ፣ ልብሱን ሳይቀይር አዳራሹን ሞላው። እናትየዋ ሸሚዙን ሰቀለች፤ መጋረጃው ተዘጋ። ማንም አላጨበጨበም። የአካባቢው ካድሬ ከፊት ወንበር ተነሳና፣ "ምንድነው ይሄ? መጨረሻው የታለ?" ብሎ ጮኸ።

አንዲት ቡና ለቃሚ ሴት ከኋላ፣ "መጨረሻ የለውም፣ ጓድ" አለችው። "እኔም ቤት አላለቀም።"

ቴአትሩ ወዲያው ታገደ፤ እኔም ከኪነቱ ተባረርኩ። በስንት ውጣ ውረድ የተማርኩትን ሙያ ታቅፌ ሱቅ ውስጥ ከሙሉ ጋር ጨርቅ እለካለሁ። እንዴት አልናደድ? ግን እማዬ፣ ያቺ ሴት ስትናገር ካድሬው እንዴት ቀስ ብሎ እንደተቀመጠ ባየሽ!

እኔ ያልሽውንና ዝም ያልሽውን ሁሉ አልረሳም። በሕይወት እስካለሁ ማንም ያላልሽውን በአፍሽ አይጨምርብሽም።

ልጅሽ አልማዝ