ወንድሜ በሰው ፊት የሰጠው ገብስ

እሑድ፣ ሐምሌ ፲

ወንድሜ ዛሬ ጉድ ሠራኝ። ወይም አልሠራኝም፤ ገና አላወቅሁም።

ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ የሞተ ዘመድ ልጅ ለሚያሳድጉ ቤቶች እስከ መኸር በየወሩ ገብስ፣ ለልጆቹም ልብስ የሚሆን አቡጀዲ ከደብሩ እንደሚሰጥ ተናገሩ። ስሜ ሲጠራ እፎይ አልሁ። የታናሽ ወንድሜን ሦስት ልጆች የማሳድግ እኔ ነኝ። አባታቸው ቆላ ወርዶ ንዳድ በላው፣ እናታቸው በወሊድ ሄደች። ፈትዬ የምሸጠው ለእኔም አይበቃ።

ይኼን ጊዜ ታላቃችን አያ ዓለሙ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። «የወንድሜ ልጆች የደብር እህል አይጠብቁም፣ እኔ ቆሜ። እኔ እቀልባቸዋለሁ፤ ድርሻቸው ለሌላ ችግረኛ ይሰጥ» አለ። ሰው ሁሉ መረቀው። ስንወጣ «ነገ ገብስ አስጭኜ እልክልሻለሁ» አለኝ። ለልጆቹ ነገርኋቸው። አያ ሲሰጥ ግን አይቼው አላውቅም።

ሰኞ

አልላከም። ዶፍ ነው፣ አህያ አይሄድም ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ቤት ያለው፦ ጎመን፣ ጨው፣ እፍኝ ባቄላ። የትንሹን እጀ ጠባብ አጠብሁ። ሌላ ስለሌለው እስኪደርቅ ድረስ ከአጎዛው ውስጥ አይወጣም፤ በክረምት ደግሞ አይደርቅ።

ማክሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት

እኔው ቤቱ ሄድሁ፣ ፀዳ ድረስ በጭቃ። ሚስቱ አቀረቀረች። እሱ አላፈረም። «ምነው ነገር ታካብጃለሽ? ስማችንን ነው ያዳንሁልሽ። የእኛ ቤት ልጆች አቁማዳ ይዘው ደብር ደጅ ቢታዩ ምን ይባላል?» አለኝ። ስም ይበላል ወይ አያ አልሁት። «ከመኸር በኋላ እናያለን» አለ። ከመኸር በኋላማ ማን ይፈልገዋል።

አንድ ጡት ነው የጠባነው። በጣልያን ጊዜ ቤቱ ሲቃጠል ከነሚስቱ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

አለቃው ዘንድ ሄድሁ። ሰምተውኝ «ልጄ፣ ወንድምሽ ልጆቹን በሕዝብ ፊት ተቀብሏል። ራሱ «ይቅር» ብሎ ቃሉን ሳያነሣ ስምሽን ብመልስ ሰውየውን ዋሾ አልሁት ማለት ነው። ድርሻሽን እስከ እሑድ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልችልም» አሉኝ።

ሐሙስ

አዘዞ መንገድ ላይ ቆሜ አያን ጠበቅሁት። በበቅሎ ሲመጣ «በንጉሥ አምላክ ቁም» አልሁት። በዚህ ቃል የተያዘ ንቅንቅ አይልም፣ መንገደኛውም ዳኛ ሆኖ ሳይሰማ አያልፍም። አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሰሙን። እቀልባለሁ ብለሃል ወይ ቢሉት ብያለሁ አለ። ቀልበሃል ወይ ቢሉት «ከመኸር በኋላ» አለ። «እንግዲያው ወይ ቀልብ፣ ወይ እሑድ ቆመህ ቃልህን አንሣ። ዋስ ጥራ» ብለው ፈረዱ።

ዋስ ጠራ። ቃሌን አነሣለሁ ነው ያለው፤ ገብስ ከሚሰጥ ይኼ ይቀለዋል። በቅሎው ላይ ሲወጣ «ወንድምሽን መንገድ ላይ አስፈረድሽበት» አለኝ። ትንሽ አመመኝ። ትንሽ ነው።

ቅዳሜ

ጎንደር ገበያ ፈትል ሸጬ ሽንብራ ገዛሁ። ትልቋ፣ ውብዬ፣ ድርሻዋን ለትንሹ ሰጥታ ጠግቤያለሁ አለች። ውሸቷን ነው። ደክሞኝ ስለነበር አልተከራከርኋትም።

እሑድ፣ ሐምሌ ፲፯

ተነሣ፣ ቃሉንም አነሣ። እንዲህ ብሎ፦ «ልጆቹን ስጪኝ፣ በቤቴ ላሳድግ ብላት እምቢ አለች። እህል ብልክላትም መለሰችው። ምን ላድርግ፣ እንግዲህ የደብሩን ትብላ።» ይኼን ያለው ዓለሙ ነው። አያ ማለቱ ዛሬ አልመጣልኝም።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አለቃው «እውነት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ሐሰት ነው ብል ነገሩ ለሽማግሌ ይመራል፤ ሽማግሌ እስኪቀመጥ ገብሱ ለሌላ ይሰፈራል። ዓለሙ ይኼን ያውቃል። ዓይኔን ትክ ብሎ ያየኝ ነበር።

እውነት ነው አልሁ።

ገብሱን ሰፈሩልኝ። አቡጀዲውም ሸጋ ነው፣ ለሦስቱም ይበቃል። አቁማዳውን ስሸከም ያገዘኝ የለም።

አሁን ልጆቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ነው። ትንሹን ትጠብቅ ብዬ ቤት ያስቀረኋት ውብዬ «አያ ዓለሙ ነው የላከልን?» ብላ ጠየቀችኝ። ደስ ብሏታል። ምን እንደምላት አላወቅሁም፤ ብይ ብቻ አልኋት።