ግንቡ ባዶ በነበረ ጊዜ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሊፍቱ ዛሬም አልሠራም። አራት ፎቅ በእግር። ሁለተኛው ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ አዲሷ ጎረቤቴ ደረሰችብኝ። "ዕድሜዎ ስንት ነው?" አለች በትህትና። "መቶ ሦስት" አልኳት። ደንግጣ ክንዴን ያዘች… እስከ በሬ ድረስ ደግፋ አደረሰችኝ። ሐሙስ ሰባ ሰባት እንደምሞላ ማን ይነግራታል? እኔ እንደሆን አልነግራትም።

ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ የጉልበት ቅባት ተገዛ። ሌላ የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሶሊ ከሥራ በቀጥታ መጣች። የልጄ ልጅ፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በጀርመንኛ ነው፤ አያቴ ለማለት እንኳ "ኦፓ" ነው የምትለኝ። ፖስታ ሰጠችኝ።

"ኦፓ፣ ሽሎስ ገዛሁልህ!"

"ለምን? የበሬ ቁልፍ እኮ ደህና ነው" አልኳት። እነዚህ ሰዎች ግንቡንም ቁልፉንም ሽሎስ ነው የሚሉት።

ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቀለች። "ሆቴል፣ ኦፓ! ድሮ የመኳንንት ግንብ የነበረ፣ አሁን ትልቅ ሆቴል የሆነ። አንድ ሌሊት፣ ለሁለት ሰው፣ ከነቁርሱ።"

የስጦታ ወረቀቱ ላይ ፎቶ አለ። ሁለት ማማ፤ የግራው ጫፉ ላይ ዘመም ያለ። እጄ እዚያው ቆመ።

አውቀዋለሁ። በፈረንጅ 82 አሥራ አንድ ወር ኖሬበታለሁ። ያኔ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማደሪያ ነበር። ስምንት ሰው በአንድ ክፍል።

"ጀርመን እንደገባሁ የምኖረው ግንብ ውስጥ ነበር" እያልኩ ነው ልጅም የልጅ ልጅም ያሳደግኩት። ማን አመነኝ? "የአባባ ቀልድ!" አሁን ይኸው ራሷ ገዝታ አመጣችልኝ። ነገርኳት? አልነገርኳትም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይበላም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የሆቴሉን ገጽ በስልክ ስመለከት ዋልኩ። የትራስ ዝርዝር አላቸው! እንደ ምግብ ዝርዝር። የላባ፣ የሱፍ፣ የእህል ገለባ… እኛ ትራሳችን በፎጣ የተጠቀለለ ጫማችን ነበር። ጫማውም አይሰረቅ፣ አንገትም አይሰበር።

ለሁለት ሰው ይላል። የሺወርቅ በሕይወት ብትኖር… ባለቤቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ሶሊን ልውሰድ? ስጦታው የሚሠራው ከእሁድ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው፤ እሷ ሥራ አለባት።

እውነቱን ልጻፍ። ፎቶውን ካየሁ ጀምሮ አንድ ሰው ብቻ ነው ፊቴ የሚመጣው። መልከጼዴቅ።

አልጋችን ተደራራቢ ነበር፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። የእሱ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ኤፕሪል ሁለት ነበር። እኔ ደግሞ ጀርመኖችም ኤፕሪል አንድ ቀን ይዋሻሉ ሲባል ሰምቻለሁ… በማደሪያው ቢሮ የጽሕፈት መኪና አንድ ደብዳቤ መታሁለት። "ቴርሚንዎ" ማለት ቀጠሮዎ "ለሳምንት ተላልፏል።" በኤፕሪል አንድ ጠዋት አልጋው ላይ ጥዬ ከሌሎቹ ጋር ጫካ እንጨት ልንቆርጥ ሄድን። ማታ ነግሬው ልንስቅ። የጫነን መኪና ተሰበረና መንደር አደርን። በማግስቱ ቀትር ላይ ስደርስ መልከጼዴቅ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቴርሚኑ አልፏል።

ማመልከቻው ተዘጋ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ በምትታደስ ወረቀት ኖረ። እጮኛው አገር ቤት ጠብቃ ጠብቃ ሌላ አገባች።

ከዚያ ወዲህ "አንቱ" ይለኛል። በዕድሜ እኩያ ነን! ሌላው ሰው ሲያከብረኝ አንቱ ይለኛል፤ እሱ ሲቀጣኝ። እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ ታሪኩን ያውቃል። በልመና ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። መለሳቸው።

ሳልሞት ይቅር ቢለኝ እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"መልከጼዴቅ፣ ግንቡ ሆቴል ሆኗል።"

"ሰምቻለሁ።"

"የሁለት ሰው ስጦታ ደርሶኛል። ሐሙስ ጥቅምት ሃያ። ትመጣለህ?"

ስኳሩን አማሰለ። አማሰለ… "አንቱ በነገሩኝ ቀን የትም መሄድ ከተውኩ ቆየሁ።"

ሻይ የምትቀዳው ወይዘሮ ያለምዘውድ ናት። ጆሮዋ ከማንቆርቆሪያው ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። "ኧረ ጋሽ መልኬ! ከጋሽ ይርጋ ጋር አርባ ዓመት ኩርፊያ? ድንጋይ እንኳ ይለሰልሳል!"

"ድንጋይ ዝናብ ያገኛል" አላት።

የባቡሩን ሰዓት በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። አላወጣውም። አልጣለውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስልክ፤ መልከጼዴቅ ነው። "ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው ያሉት?" "ሦስት ሰዓት ከሩብ።" ዘጋ።

አሁን ለባቡሩ ድርጅት ደውሎ ያጣራል። እኔም ብሆን አጣራ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው፣ ቀድሞኝ ደርሷል። ሰሌዳው ስር ቆሞ የኔን ብጣሽ ወረቀት ከሰሌዳው ጋር ያመሳክራል።

"ትክክል ነው?" አልኩት።

"እስካሁን" አለ።

መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየ ሄደ። እኔም እሱን እያየሁ።

በሩ ላይ ቀይ ምንጣፍ። እንግዳ ተቀባይዋ ለጋ ልጅ ናት፤ "ከዚህ በፊት እኛ ጋ አርፈው ያውቃሉ?" አለችኝ።

"አዎ። አሥራ አንድ ወር።"

ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። "ይቅርታ፣ ሲስተሙ ላይ አይታይም።"

"ያኔ የምንመዘገበው በጣት አሻራ ነበር።"

ሳቀች፤ የገባት አልመሰለኝም። መልከጼዴቅ አልሳቀም፤ ግን ጢሙ ተንቀሳቀሰ። አይቻለሁ።

ክፍሉ! አልጋው ለመውጣት ደረጃ ይፈልጋል። የገላ መታጠቢያው የብረት ገንዳ የአንበሳ እግር አለው። መልከጼዴቅ ነጩን ጋውን ለብሶ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ "ይባርኩኝ አባታችን" ብዬ ጎንበስ አልኩለት። "እግዚአብሔር ይፍታዎት፤ ብዙ አለብዎት" አለኝ። ቀልድ ነው? ቀልድ አይደለም? ፊቱ አያስታውቅም።

ከዚያ የድሮውን ክፍላችንን ፍለጋ። ሁለታችንም ልንጠይቅ አፈርን፤ እንደ ሌባ በየኮሪደሩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተመጨረሻ። አገኘነው። ምን ሆኗል ብትሉ… ሳውና! በክረምት በረዶ መስኮቱን ከውስጥ በኩል የሚሸፍነው ክፍል፣ ስምንት ሰው በአንድ ማሞቂያ የተደባደበበት ክፍል፣ ዛሬ ሰው ራቁቱን ገብቶ የሚያልበው ሆኗል። "ያኔ ብታመጡት ኖሮ!" አልኩ ለበሩ።

ኮሪደሩ ላይ የግንቡ ታሪክ በሰሌዳ ተሰቅሏል። መስፍኑ አሠራው፣ ልጁ ማማ ጨመረ፣ በጦርነቱ ሆስፒታል ሆነ… መልከጼዴቅ መነጽሩን ቀይሮ ወደ ታች አነበበና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

"ከ75 እስከ 90 ባዶ ነበር ይላል።"

እኔም አነበብኩ። እውነትም ባዶ።

"ስምንት ባዶ በአንድ ክፍል" አልኩ።

ሳቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ! በጎን በኩል አንድ ጥርሱ የለም። መቼ ወለቀ? ያኔ ነበረች… ስንት ነገር አምልጦኛል።

ይቅር በለኝ ልበለው? አሁን ሳቁ ላይ? ጠዋት ይሻላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ቤቴ ገብቻለሁ።

ቁርስ ላይ ነው። ገበታው ሠርግ ይመስላል፤ ቀኑ ግን ዓርብ። እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ቅቤው፣ የዓሣው ዓይነት… ለኛ የደረሰን ዳቦና ማርማላታ። የጾሙን ሰዓት ዕድሜያችን ያስምረናል ተባባልን። አስተናጋጁ "ያልተመቻችሁ ነገር አለ?" እያለ ሦስት ጊዜ መጣ።

"መልከጼዴቅ" አልኩ፣ "ስለዚያ ደብዳቤ…"

እጁን አነሳ። "ተወው። ውሸት መሆኑን አውቄ ነበር።"

"መቼ?"

"እንዳነበብኩት። ቴርሚን የሚለውን በትንሹ 'ቴ' ጀምረህ ጻፍከው። ጀርመን የነገር ስም በትልቁ ፊደል ነው የሚጀምር። የነሱ ጸሐፊ እንዲህ ከሚጽፍ ቢሞት ይመርጣል። ይሄማ ፊደሉ ትልቅ ትንሽ የሌለው ሰው፣ የሐበሻ እጅ ነው አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሐበሻ አንድ ነው።"

"አውቀህ… ታዲያ ለምን አልሄድክም?"

ቢላዋውን አስተካከለ። ሹካውን አስተካከለ።

"ዘርኣብሩክን ታስታውሰዋለህ? ከመስኮቱ ስር የሚተኛውን። እሱ በዚያ ሳምንት ቃሉን ሰጥቶ ሲመጣ አስተርጓሚው ማን እንደሆነ ነገረኝ። የሰፈሬ ልጅ። የወንድሜ ባልንጀራ።"

የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

"ቃለ መጠይቁ ላይ አገር ቤት እስር ቤት ምን እንደሆንኩ ይጠይቁኛል። ሲደበድቡኝ ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን ወንድሜ የተደበቀበትን ቤት ነገርኳቸው። ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ይሄን በዚያ ልጅ ፊት ልናገር? እሱ በአፉ ወደ ጀርመንኛ ሲመልሰው ቁጭ ብዬ ልሰማ? …እንዴት ልቅር እያልኩ ስጨነቅ ያንተ ደብዳቤ መጣ። ከሰማይ የወረደ ነው የመሰለኝ።"

"አርባ ሦስት ዓመት፣ መልኬ!"

"ለምን ቀረህ ሲሉኝ መልስ ያስፈልገኝ ነበር። አንተ ተመቸህ።"

አንተ አለኝ። ስንት ዓመት የለመንኩት ቃል… አልጣመኝም። ቦርሳዬን ይዤ ብቻዬን በታክሲ ወደ ባቡሩ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ተናድጃለሁ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ሠርጌ ላይ አልመጣም። የሺወርቅን ስቀብር ከኋላ ቆሞ፣ ሳይጨብጠኝ ሄደ። ሁለት ጊዜ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች ሲመልስ ያውቅ ነበር! እኔን አታላይ ብሎ… ማን ነው አታላዩ? በሰው ፊት ይናገር። ያለምዘውድ ሻይ እየቀዳች፣ ሁሉም እየሰማ ይናገር።

ይሄን ብቻ ነው የምፈልገው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሶሊ ደወለች። "ኦፓ፣ እንዴት ነበር?" "ትራሱ ጥሩ ነው።" "ሌላስ?" "ሳውናው ይሞቃል።" በቁጥብነቴ ተጠራጠረች። "ታመሃል እንዴ?"

እኔ ለቃለ መጠይቅ የገባሁ ጊዜ ትዝ አለኝ። ያው አስተርጓሚ። ጥቁር ቦርሳ፣ ጥሩ ጫማ። ከየት ነህ፣ ማንን ታውቃለህ ሲለኝ በቀልድ በቀልድ ጨረስኩት፤ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጀርመኑንም አሳቅኩት። የምሸሽገው አልነበረኝማ። ለካ ቀልድም ምንም የሌለበት ሰው ሀብት ነው።

አርባ ሦስት ዓመት ይሄን ነገር ለማንም ሳይናገር… ለማን ይናገር? እኔ እንኳ ከላዬ ተኝቶ አልሰማሁም።

አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ዛሬ ሁለት ጊዜ ረሳሁት።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ልጽፈው ነው፤ ቀስ ብዬ።

አዳራሹ ሞልቷል። መልከጼዴቅ ከጠረጴዛው ማዶ። ሰላምታ በጭንቅላት ብቻ።

ያለምዘውድ ሻዩን ይዛ መሃላችን ቆመች። "እህሳ፣ ከግንቡ ታርቃችሁ መጣችሁ? ጋሽ መልኬ፣ ይቅርታ ጠየቀዎት?"

ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አየን። መልከጼዴቅ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተነሳ።

"እኔ አንድ ነገር ልናገር" አለ። "ያ ቴርሚን… ይርጋ እንዳስቀረኝ ነው የምታውቁት…"

ሳምንቱን ሙሉ የፈለግኩት ይኸው መጣልኝ። ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳይ ሳይቀር። ግን እጁን አየሁት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል። "ያላስቀረህ ከሆነ ለምን ቀረህ?" ይሉታል። ቀጥሎ "ምን ፈርተህ?" ይላሉ። ከዚያ ወንድሙ ይመጣል፤ በያለምዘውድ የሻይ ብርጭቆዎች መሃል።

"ቁጭ በል አንተ!" ብዬ ጮህኩ። "ሰዎች፣ ይሄን ሰውዬ አትስሙት፤ ለማስቀየስ ነው! የሆቴሉን ነጭ ጋውን ከኮቱ ስር ለብሶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያዝኩት!"

"ምን?!" አለ መልከጼዴቅ።

"እንግዳ ተቀባይዋ ሆድዎ ምን ሆኖ ነው አለችው። እርጅና ነው አላት!"

አዳራሹ ፈረሰ። ያለምዘውድ ሻዩን እስክትደፋ ሳቀች። እሱ ግን ቆሟል።

"ይርጋ፣ ተወኝ። ልናገር።"

"ምን ትናገራለህ? ያጠፋሁት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ፣ ይቅር ያልከኝ አንተ። አለቀ።"

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ሰው ሳቁን ጨርሶ ወደ ዳቦው እስኪመለስ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"እሰይ! እልል በሉ!" አለች ያለምዘውድ። እልል ተባለልን፤ እንደ ሙሽራ።

አብረን ወጣን። ኡ-ባን፣ የምድር ስር ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

"ለምን?" አለኝ።

"ደብዳቤውን ማን ነው የጻፈው?"

"አንተ።"

"ቀልዱ የማን ነው?"

"ያንተ።"

"ታዲያ አንተ ማን ነህና ትቀማኛለህ?"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላየሁም፤ አልጠየቅኩም። ከዚያ የወንድሙን ስም ነገረኝ። ወንድዬ ይባል ነበር። እንዴት እንደሚሮጥ፣ እንዴት እንደሚዋሽ፣ እናታቸውን እንዴት እንደሚያበሽቅ ነገረኝ። ከኔ ይብሳል።

ሦስት ባቡር አለፈን።