በሐውልቱ እግር ሥር ያለችው ጉባኤ ቃና

በሥላሴ ስም። እኔ መሪጌታ አድማሴ ገብረ ሐና፣ የቁሐር ሚካኤል የቅኔ መምህር፣ እግሬ ቢያብጥም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. የርብን ወንዝ ሙላት ተሻግረው በመጡ ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ሰጠሁ።

ከደብሩ በላይ ያለው እርሻዬ ለልጄ ለታይቱ ይሁን። ወንድሞቿ ስታመም ከወረታ ገበያ አልፈው አልመጡም። ጥቁሯ ላም ከነጥጃዋ ለባለቤቴ ለገላነሽ፣ መጻሕፍቴ ለደብሩ ይሁኑ።

በወንዙ ዳር ያለው መሬት የገላነሽ ወንድም የአያልነህ ድርሻ ነበር። እኔና እሱ በአንድ ጎጆ ቅኔ ተምረናል፤ ቁራሽም አብረን ለምነናል። በኋላ ካቶሊክ ሆነ፤ ሮም ሄዶ ሊቅ ተባለ፤ እዚያው ሞተ። መሬቱን ለእኅቱ መልሻለሁ። የእሱ የሆነ ነገር በስሜ እንዲቀር አልፈልግም።

ጸሎተኛ እንደ ነበር አልክድም፤ ጾሙን ከሁላችንም ይልቅ ያጠብቅ ነበር፤ ይህም ያናድደኝ ነበር። ነገር ግን የኔታ ከአጠገባቸው ያስቀመጡት እኔን ነው! አሁን እዚያው ሮም በካቴድራል ውስጥ ሐውልት ቆመለት፤ የሐውልቱም ፎቶግራፍ ከዚያ በመጡ አባ እጅ ተልኮ ገላነሽ በገዛ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ተማሪዎቼ እኔን እየሰሙ እሱን ያያሉ። ቀናሁ፤ አዎን፣ ቀናሁ። እዚህ ረግረግ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ቅኔ ስዘርፍ ለእኔ ማን ድንጋይ አቆመ?

ይባስ ብሎ፣ በሐውልቱ እግር ሥር የተቀረጸችው ባለ ሁለት ቤቷ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናዋ፣ በተማሪነቴ የተቀኘኋት የእኔ ናት። በእኛ ሥርዓት የሰው ቅኔ የራስ ማድረግ ሌብነት ነው። ስለዚህ ልጆቼ ለካቴድራሉ ጽፈው ስሜን እንዲያስቀርጹ አዝዣለሁ። ከእኛ በታች ሆኖ የተማረው መሪጌታ ካሴ ይመስክርልኝ።

መሪጌታ ካሴም፣ «የአንቱ ናት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ፎቶግራፉ እስኪመጣ ድረስ አንቱስ ያስታውሷት ነበር?» አለ።

«በየሰንበቱ አዲስ ስቀኝ አሮጌውን ማን ይይዛል?» አልሁት።

ገላነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ፎቶግራፉን ያመጡት አባ ነግረውኛል። አያልነህ ‹የጓደኛዬ የአድማሴ ናት› እያለ ያስተምርባት ነበር አሉ። ሲሞትም በመታሰቢያው ላይ ከእሷ በቀር ሌላ እንዳይጻፍ ለመነ። ስሙ ሲነሣ ስለሚቆጡ ዝም አልሁ» አለች።

ቄስ ገብረ ኪዳን፣ ይህንንም ይጻፉ። ስሜ ይቀረጽ ያልሁት ቀርቷል። እኔ የጣልኋትን ቅኔ እሱ እስኪሞት ይዟታል። በዚህም በለጠኝ፤ እስከ ዛሬ የቀናሁበት ሁሉ የዚህን ያህል አላቃጠለኝም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ልክ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ፦ መሪጌታ አድማሴ ገብረ ሐና
ጸሐፊና ምስክር፦ ቄስ ገብረ ኪዳን መንግሥቴ
ምስክሮች፦ መሪጌታ ካሴ ደብረወርቅ፣ አቶ ማረው ገብረማርያም፣ አቶ መንግሥቴ ካሳሁን