እጅጌው ያጠረ ጋዋን

ለማከብርዎት አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የገደብ ብርድ ለጉልበት አይሆንም ብዬ ነበር፤ አልሰሙኝም። ባለቤትዎ እትዬ አትጠገብስ ደህና ናቸው? የጓሮው እንሰት ተቆረጠ ወይስ አሁንም መስኮቱን እንደሸፈነ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ዲላ ዝናቡ አልቆመም። ወደ ሰፈራችን ባጃጅ እምቢ ስለሚል ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምገባው።

ስደውል ያነሳሉ። "ደህና ነኝ" ይላሉ፤ ከዚያ ዝም። እኔም ዝም። ስለዚህ ጻፍኩ። የገደቡ ሚኒባስ ሾፌር ዘርትሁን በእጅዎ ሊሰጥልኝ ቃል ገብቷል።

እሺ ያልኩትን ሥራ መልሼ እምቢ ማለቴን ሰምተዋል። ከእኔ አፍ አለመስማትዎ ይቆጨኛል። ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

እርስዎ ለእረፍት ገደብ በሄዱ ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን ሱፍያን ቢሮው ጠራኝ። አጎትሽ ከእንግዲህ ማረፍ አለባቸው፣ የዋና ቡና ቀማሽነቱን ቦታ አንቺ ትይዣለሽ አለኝ። እሺ አልኩ። ማን እንደወሰነ፣ እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ልደብቅዎት አልችልም። ወደ ቤት ስሄድ ዝናቡ እየመታኝ መሆኑን ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

እሁድ ጸሎት ቤት ለምስክርነት ቆምኩ። ጌታ ከፍ አደረገኝ አልኩ። ሕዝቡ እልል አለ። ጓደኛዬ ኤልቤቴል ከመዘምራኑ መሃል ወርዳ አቀፈችኝ። እርስዎን አላነሳሁም። ለምን አላነሳሁም? አሁንም እጠይቃለሁ።

ሰኞ መጋዘን ስገባ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሳቁ። የተለመደ ሳቃቸው ነው፤ ክፋት የለበትም። ወርቂቱ ከሁሉም ጮክ ብላ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እመቤት፤ አጎትሽን አስነስተሽ ተቀመጥሽ አሉ" አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ግን የቅምሻ ክፍሉ በር ላይ ተወኝ። ወንበርዎ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ፣ እርስዎ ገፍተውት እንደተነሱ ቆሟል። ማንም አልነካውም።

እዚያ በር ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ልጻፍ?

የጠረጴዛችን ሕግ አንድ ነበር። ሁሉም ቀምሶ እስኪጨርስ ማንም አይናገርም፤ ፊትም አይናገርም። ማንኪያ፣ ፉት ማለት፣ መትፋት፣ ዝምታ። አንዱ ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ምላስ ይታዘዝለታል ይሉን ነበር። ይህን ያፈረሰ ስንት ሰው ከክፍሉ አስወጥተዋል። እኔን ራሴን አስወጥተውኛል፤ በኮሪደሩ ቆሜ አልቅሻለሁ።

ባለፈው የቡና ወቅት ያ የሻገተ ናሙና የመጣ ቀን ትዝ ይልዎታል። ሽታው ከበሩ ይቀበል ነበር። እርስዎ አጎነበሱ፣ ፉት አሉ፣ ምንም እንዳልሸተተዎት ራስዎን በበጎ ነቀነቁ፣ ወደሚቀጥለው ስኒ አለፉ። እኔ ስኒውን በክርኔ ገፋሁት። ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ፣ እንደገና ይዘጋጅ አልኩ። ስኒ በደፋሁ ቁጥር ይቆጡኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዝም ብለው አዩኝ። በማግስቱ ጠረጴዛው ጋ ስንቆም፣ "አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ" አሉኝ።

ሌሎቹ ማዕረግ መሰላቸው። እኔም ማዕረግ ነው አልኳቸው። እኔ እናገራለሁ፤ እርስዎ ይነቀንቃሉ። ወቅቱ እንዲህ አለቀ። እኔና እርስዎ ስለዚያ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም፤ ለሌላም ሰው ቃል አልተነፈስኩም።

ታዲያ ያ ወንበር ላይ ብቀመጥ የማውቀውን የተናገርኩ መሰለኝ። አጎቷ ምን ሆነው ነው የተነሱት ብሎ ሰው ይጠይቃል። ካልተቀመጥኩ ግን ወንበሩ የእርስዎ ሆኖ ይቆያል፤ ጉልበትዎ ሲሻለው ይመለሳሉ፤ እኔ ከጎንዎ ሆኜ ቀድሜ እናገራለሁ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ማሰብ ከተባለ።

ሱፍያን ጋ ገብቼ ሥራውን አልፈልግም አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እሺ ብለሽኝ አልነበረም ወይ አለኝ። ብዬህ ነበር አልኩት። ደመወዙ አንሶሽ ነው? አይደለም። ልታገቢ ነው? አይደለም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አጎትሽን አማክረሻቸዋል?" አለኝ። ለእሳቸው ብዬ ነው እንጂ እሳቸውን የሚያማክር ነገር የለም አልኩት። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ያኔ ቢናገር ኖሮ። ለካ እርስዎ እንዳይነግረኝ ቃል አስገብተውት ነበር።

ወንበሩ አልቆየም። ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጣ፤ ደግነት ይባላል። ክፉ ቢሆን በወደድኩ። ጨዋ ነው፤ ምላሱም ጥሩ ነው። ወንበርዎ ዝቅ ስላለበት ትራስ ጨመረበት። ነገር ግን የባንኮ ጎቲቲ ቀበሌን የቡና ናሙና በየመንደሩ ለይቶ መቅመስ ጊዜ ይፈጃል ይላል፤ አንድ ላይ ይቀላቀል ይላል። እርስዎ በዚህ ጉዳይ ከስንቱ ጋር እንደተጣሉ እኔ አውቃለሁ። ዋና ቀማሽ ብሆን ኖሮ አይሆንም እል ነበር። ረዳት ስለሆንኩ እቀላቅላለሁ። በገዛ እጄ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አትጠገብ ደወሉልኝ። እርስዎ ቤት አልነበሩም። ስሜን ለሱፍያን የሰጡት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እሷ ካልተተካች ቦታውን አልለቅም ብለውት እንደነበር። ሲቀምሱ የሚለብሱትን ነጩን ጋዋንዎን ገደብ ገበያ ልብስ ሰፊው ጋ ወስደው እጅጌውን በእኔ ልክ እንዳሳጠሩት። "ክንዷ እስከዚህ ነው" ብለው በራስዎ ክንድ ላይ ለሰፊው እንዳሳዩት። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሳጥኑ ላይ ታጥፎ እኔን ሲጠብቅ እንደነበር። እትዬ ወሬውን እየሳቁ ነበር የጀመሩት። ሲጨርሱ አልሳቁም።

እርስዎ ቀስ ብለው የሚወጡበትን በር አበጅተው ነበር። እኔ ዘጋሁት። ሳልጠይቅ እሺ አልኩ፣ ሳልጠይቅ እምቢ አልኩ።

ሱፍያንን ደግሜ ጠይቄዋለሁ። አልተቆጣም፤ ቦታው ተይዟል አለኝ። ጸሎት ቤት አሁንም አዲሱ ሥራ እንዴት ነው ይሉኛል። ጌታ ይመስገን እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

አጎቴ፣ እጅጌውን መልሰው እንዳያስረዝሙት። የተቆረጠ ጨርቅ ቢቀጠልም ይታያል። ረዳትም ጋዋን ይለብሳልና ለዘርትሁን ይስጡልኝ ልል ነበር፤ ተውኩት። ይቆይ። በሚመጣው እሁድ ከጸሎት በኋላ እኔው እመጣለሁ። በር ላይ ዝም ቢሉኝም እገባለሁ። ከባንኮ ጎቲቲው ሳልቀላቅል ያስቀረሁት ጥቂት ቡና አለኝ፤ የላይኛው መንደር ነው፤ እርስዎ የሚወዱት። ሁለታችን ጠረጴዛ ጋ እንቆማለን። እንደ ድሮው ሕግ ዝም ካሉኝ እኔም ዝም እላለሁ። ከፈቀዱልኝ ግን ቀድሜ እናገራለሁ። ቀስ ብዬ። ምን እንደሚሸት፣ ምን ምን እንደሚል፣ አንድም ሳላስቀር።

ጌታ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። በእርስዎ ፊት የምቆምበትን ፊት ይስጠኝ።

የእህትዎ ልጅ፣
ከዲላ