የያርጋልን መስመር ስለ ዘጉልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የ«ትንባሆ ደህና ሁን» የስልክ ድጋፍ ፕሮግራም ዋና አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየስብሰባው የሚያበሩት ፕሮጀክተርዎም ፍጹም ጤና ሆናችሁ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ክንዴ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ የምሰፋው፣ ከዝናቡና ከጭቃው በቀር ደህና ነኝ፤ እስከዛሬ ጠዋት ድረስም ሲጋራ አላጨስሁም። ይህን የምነግርዎ ለሪፖርትዎ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት በክፋት አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ መናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ሲያልፉ ዓይንዎ ያርፍበት ይሆናል በሚል ቅን ሐሳብ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ ሰው በስልኩ ምክር ይላክለታል ባላችሁ ጊዜ ሮጬ ከተመዘገቡት አንዱ ነኝ። በእኛ አገር የሚያጨስ ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ ያውቃሉ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ከሱቄ ጓሮ ተደብቄ ነበር የማጨሰው። ባለቤቴ ስጦታ ታውቃለች፤ እናቷ እማማ ታንጉት ግን አያውቁም ነበር። ታዲያ የባለቤቴ አጎት አርፈው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጮኸ። የስልኬ ማዳመጫ ከተበላሸ ስለቆየ የምሰማው በላውድ ብቻ ነው። ድንኳኑ የጠፋበት ለቀስተኛ መስሎኝ ባነሳው፣ ያቺ ድምፅዋን የቀዳችኋት ልጅ፣ አንደበቷ ይባረክና፣ «ውድ አጫሽ ወንድማችን፣ ዛሬ ስንት ሲጋራ አጨሱ?» ብላ አትጠይቀኝ መሰለዎት! አልቃሿ እንኳ ሙሾዋን አቋረጠች። እማማ ታንጉት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ኧረ የኔ ጉድ!» አሉ። መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ደግሞ ካባቸውን ገለጥ አድርገው ጫፉን አዩት፤ ባለፈው ዓመት ልጠግነው ተቀብዬ በሲጋራ ስላቃጠልሁት ቀዳዳው ላይ ያላዘዙኝን መስቀል ጠልፌ መልሼላቸው ነበርና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደባርቅ ሲጋራ የሚሸጥልኝ ባለሱቅ ጠፋ። የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር አጠገቤ ቆሞ አፌን ያሸታል። የማኅበረሰብ ድጋፍ በስልጠናው እንዳስተማራችሁን ከሆነ ሞልቶ ተርፎልኛልና እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፦ ፕሮግራሙን ሁዳዴ በገባበት ሰኞ መጀመርዎ ታላቅ ብልህነት ነበር። እኛም ሥጋውንና ወተቱን ስናቆም ሲጋራውንም አብረን አቆምን። የተመዘገበው ሁሉ በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጎ ሲተው እርስዎ ስብሰባ ጠርተው ውጤቱ ከታሰበው በላይ ነው አሉ፤ እኛም አጨበጨብን። ምነው ግን የዚህን አገር ሰው ጠባይ የሚነግርዎ አንድ ሰው አጡ? እኛ የያዝነው ጾም ነበር፤ ጾም ደግሞ ይፈታል። የፋሲካ ዕለት ዶሮው ተበልቶ ሲያበቃ ያ ሁሉ ጿሚ ወደየጓሮው ወጣ። ይባስ ብሎ በዚያችው ሰዓት በየስልካችን «እንኳን አደረሳችሁ፤ ፕሮግራሙን በድል አጠናቃችኋል» የሚል መልእክት ስለላካችሁልን፣ ተፈቀደ ማለት ነው ብለን ለኮስን። እኔም ደብቄ ያቆየኋትን አንዲት ሲጋራ ለኮስሁ፤ ምን ያደርጋል፣ ጣፈጠኝ።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ የማመሰግንዎ ያለ ቀልድ ነው። ኮምፒውተራችሁ እያንዳንዳችንን ከአንድ ሌላ ለማቆም ከሚታገል ሰው ጋር አጣምሮ፣ አምሮት ሲመጣብን በነፃ የምንደዋወልበት መስመር ሰጥቶን ነበር። ለእኔ የደረሰኝ የአምቢኮው ያርጋል ነው። ያርጋል ራስ ዳሽን ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ የሚጭን ሰው ነው፤ ሲጋራንም የለመደው እነሱ ከሚሰጡት ነው። ጎንደር ያየው ሐኪም «ደረትህ ከእንግዲህ አንድ ክረምት ጭስ አይችልም» ብሎታል። መልኩን አይቼው አላውቅም። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ማታ ማታ ከራት በፊት ጉብታው ላይ ወጥቶ ይደውልልኛል፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ በቅሎዎቹ ጀርባ ቁስል ስናወራ አምሮቱ ያልፍልናል።

ያን የፋሲካ ዕለትም እንኳን አደረሰህ ሊለኝ ደውሎ ጭሱን ስስብ ሰማኝ። «አንተ ክንዴ፣ ጾሙ የእግዜር ነው፣ ተፈታ። ይኸኛው የሳንባህ ነው፤ ሳንባህ ምን ፋሲካ አለው?» አለኝ። ሲጋራውን በጫማዬ ረገጥሁት። ያቺ የቀዳችኋት ልጅ በዚያ ባማረ ድምፅዋ ሁዳዴን ሙሉ ስትመክረኝ ይህን አልነገረችኝም።

እሱም በተራው በግንቦት አንዲት በቅሎው ገደል ገብታበት፣ ሲጋራ በእጁ እንደያዘ እያለቀሰ ደወለልኝ። ምክር ብፈልግ ጠፋኝ። ያኔ ማሽኔ ላይ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ነበርና ዝም ብዬ ልኩን ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት እያልሁ አነበብሁለት። ወገቡን ሲሰማ፣ «ሙሽራ ነው ወይስ ጎተራ ነው የምታለብሰው?» ብሎ ሳቀ። ሲጋራውንም ወረወረው። እንዲህ ያለውን ምክር በመመሪያችሁ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

አራተኛ፦ ይህን መስመር ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ዘግተው በምትኩ ዘመናዊ አፕሊኬሽን ስለተኩልን የምለው ቃል አጣሁ። የጎረቤቴን ስማርት ስልክ ተውሼ አየሁት፤ እውነትም ያምራል፤ የሚስቅ ሳንባ ተሥሎበታል። አምሮት ሲመጣብዎ ይህን ይጫኑ ይላል፤ ብጫነው እየተሽከረከረ «እባክዎ ይጠብቁ» አለኝ። እኔ ጠበቅሁ፤ አምሮቱ ግን አልጠበቀም። ስጦታ ሲጋራ ልለምን ከገባሁበት ሱቅ ጎትታ ባታስወጣኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ያርጋልማ ያለው ባትሪ የሚያበራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ የሚስቀውን ሳንባ የት ላይ ያየዋል? ቱሪስት በሌለበት፣ ሰው ከቤት በማይወጣበት በዚህ ክረምት ብቻውን ነው።

በራሱ ቁጥር እንዳልደውልለት ደግሞ ለምስጢር ሲባል በእናንተ አጭር ቁጥር ብቻ ታገናኙን ስለነበር የለኝም። ቁጥር መለዋወጥ ክልክል ነው ብላችሁን፣ እኔ ሞኙ አከበርሁ። ቢሮዎ መጥቼ ሠራተኞችዎን ብለምን የአንድ ተጠቃሚ ቁጥር ምስጢር ነው አሉኝ። ወይ ጉድ! የእኔ ምስጢር ለቅሶ ድንኳን ውስጥ በላውድ ሲነገር ይህ ሕግ የት ሄዶ ነበር?

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ መስመሩን ይክፈቱልን፤ እሱ ቢቀር ያንን ቁጥር ብቻ ይስጡኝ። ናፍቆኛል፤ ፈርቼለታለሁም።

ለአፕሊኬሽንዎ ፈጣን ኔትወርክ፣ ለእርስዎ ሹመትና ረጅም አበል፣ ለፕሮጀክተርዎ የማይቋረጥ መብራት እየተመኘሁ፣ በረንዳዬ ላይ ሆኜ እጅ የምነሳዎ፣

ክንዴ፣ ልብስ ሰፊው
ደባርቅ፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎ እንደሚዘገይ ስለማውቅ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ወደ አምቢኮ እነሳለሁ፤ እስከ ጨነቅ ካምፕ በአይሱዙ፣ ከዚያ የቧሂትን ተራራ አቋርጬ በእግር። ለእርስዎም በቅሎ አስጠይቄልዎታለሁ፤ ቢመጡ ደስ ይለኛል። ደርሰን ያርጋልን ሲያጨስ ካገኘነው እኔ ዓይኑን ማየት ስለማልችል፣ መስመሩ ለምን እንደተዘጋ እርስዎ ፊት ለፊት ይንገሩት።