የአባዬ የዓይን ጠብታና የስልካቸው ሰዓት

ቅዳሜ

በመጨረሻ ጫንኩላቸው! አባዬ ከብልባላ ለገበያ ሲመጡ እኔ በእንግዳ ተቀባይነት የምሠራበት ማረፊያ ድረስ አስጠራኋቸው። መተግበሪያ መሥራት በትርፍ ጊዜዬ ከቪዲዮ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዬ ይቺ ናት፤ "ጠብታ" ብያታለሁ። ሥራዋ አንድ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ በእኔ ድምፅ "አባዬ፣ ጠብታዎን!" ብላ መጮህ።

የግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ "የጠፋው አይመለስም፤ የቀኙን ግን ጠብታው በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ካልተቋረጠ እናቆየዋለን" ብሎናል። እስካሁን ጠዋትና ማታ እየደወልኩ አስታውሳቸው ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ይረሱታል። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስቴ ረሱ። ዓርብ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አለን።

ያልነካሁት ነገር የለም። ፊደሉን ትልቅ አደረግሁ። ያለ ኢንተርኔት ትሠራለች። ባትሪ ቆጣቢው እንዳይዘጋት ነፃ አወጣኋት (ይሄን ብዙ ሰው ይረሳል)። ድምፁ እስከ ጥግ። የስልኩንም ሰዓት አየሁ፤ ስድስት ከአሥር ይላል። ስድስት ከአሥር ነበር፣ ልክ ነው።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ በራስዎ ግምት አያድርጉ፤ ስልኩ ሲጮህ ብቻ" አልኳቸው።

"አንቺ ካልሽ እሺ" አሉ።

እሑድ

አልደወልኩም። ሆን ብዬ ነው። ከደወልኩማ መተግበሪያዋ ምን ሠራች? እጄ ግን ስንቴ ወደ ስልኩ ሄደ መሰለህ፣ ደብተሬ።

ሰኞ

አላስቻለኝም፣ ጥሩዬ ጋ ደወልኩ። የወንድሜ ሚስት ናት፤ አባዬ የሚኖሩት እነሱ ጋ ነው። "አንዴም አልሳቱ። እንቅልፍ ብቻ ትንሽ አጥተዋል" አለችኝ። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ማረፊያው ውስጥ ጉራዬን ነዝቼ ነዝቼ ወጥ ቤት ያሉት ሳይቀሩ ሰለቹኝ።

ማክሰኞ

ወይኔ ጉዴ! ቀን በሰባት ሰዓት ከጥሩዬ ጋር እያወራሁ ከጀርባዋ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። "አባዬ፣ ጠብታዎን!" በጠራራ ፀሐይ!

"ምንድነው እሱ?"

"ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት አይደል የምትጮኸው? ቀን ሰባት ሰዓትና ሌሊት ሰባት ሰዓት። አንቺ ያዘዝሽው መስሎን!"

እንቅልፍ ያጡት ለዚህ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እየተነሱ።

ሰዓቱን ማን ነካው ብዬ ጠየቅሁ። ለካ አባዬ ስልኩን ሲገዙ ሻጩን "ወደ ሐበሻ ሰዓት አዙርልኝ" ብለውታል፤ እሱም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል። መተግበሪያዋ ደግሞ ስልክ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳል ብላ ታምናለች። እኔው ነኝ ያሳመንኳት። ቅዳሜ ዕለት ስልኩ አሥራ ሁለት ከአሥር ማለት ነበረበት። ስድስት ሲለኝ ልክ ነው አልኩ፣ በልቤ የምቆጥረው በሐበሻ ነዋ! አፈርኩ። ደግሞም ፈራሁ።

ረቡዕ

ፈቃድ ጠይቄ ብልባላ ወረድኩ። ስልኩ ሰዓቱን በራሱ ወደ ፈረንጅ እንዲያስተካክል ላደርግላቸው ስል አባዬ እምቢ አሉ። "በጠዋት ሰባት ሰዓት ነው የሚለኝን ስልክ ምን ላድርገው?" እውነታቸውን ነው። የስልኩን የራሱን ማንቂያ ጠዋትም ማታም አንድ ሰዓት ላይ ሞላሁላቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ሁለት ወር ለፍቻለሁ!

የመድኃኒት ቤቷን ባለሙያ በስልክ ጠየቅኋት፤ ከዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ጀምረው ይቀጥሉ አለች።

"ሌሊት መሆኑን እያወቁ ለምን አልተዉትም?" አልኳቸው።

"ድምፅሽ እየጠራኝ ልተኛ?"

እንባዬ መጣ። ተቆጣሁም፣ በራሴ። ስወጣ ደግሞ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ይሄ ማንቂያ ያንቋርራል። ያንቺው ይሻላል፤ አስተካክለሽ መልሽልኝ።"

ሐሙስ

አስተካከልኳት። ከእንግዲህ የስልኩን ሰዓት አታምንም። መጀመሪያ ስትከፈት ባለቤቱን ትጠይቃለች፦ "አሁን ስንት ሰዓት ነው? ቀን ነው ሌሊት?" ስልኩ በሐበሻ ይሂድ በፈረንጅ ከዚያ ራሷ ትለያለች። አንዱን ስልክ በሐበሻ፣ አንዱን በፈረንጅ አድርጌ ሞከርኩ። ሁለቱም እኩል ጮኹ።

ለራሴ፦ በባለቤቱ ስልክ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ሳትሞክሪ ጉራ አትንዢ።

ነገ ዓርብ ነው። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ

ሐኪሙ ግፊቱን ለካ። እንደገና ለካ።

"ግፊቱ ወርዷል። የቀኝ ዓይንዎ እንዳለ ነው" አለ። ተመስገን! የሆነውን ስነግረው ሳቀ። "ሰዓቱን ብታዛቢውም አሥራ ሁለቱን ሰዓት አላዛባሽም። እሳቸው ሌሊት ባይነሱ ግን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው" አለኝ።

ከዚያ እኔ ቤት መጣን። አዲሷን ጫንኩላቸው። "አሁን ስንት ሰዓት ነው?" ስትል አባዬ ስልኩን አላዩም። ደጃፍ ላይ ቆሙና በቀኝ ዓይናቸው የአጥሩን ጥላ አይተው "አሥር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው" አሉ። የእኔ ስልክ ወደ ሐበሻ ሲመለስ ለአሥር ስድስት ጉዳይ ይላል።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጮኸች። "አባዬ፣ ጠብታዎን!" እኔ አጠገባቸው ነኝ፣ ጠርሙሱን ይዤ። ወደ እኔ አልዞሩም። ስልኩን አንስተው "እሺ ልጄ፣ ሰማሁሽ" አሏት።