ፔዳል የሌለው ፍሪሲዮን እና የባለቤቴ ግራ እግር

ለተከበሩ የአውቶቡስ ድርጅቱ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ወገብዎና አንገትዎ፣ ደህና እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ በራስዎ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ያየዎት ሰው ስለሌለ ደህና እንደሚሆኑም አልጠራጠርም።

እኔ በቅርቡ ከሥራ ያገዱት ሹፌር ሚስት ነኝ። ማርሹም ፍሪሲዮኑም በራሳቸው የሚሠሩ አዳዲስ አውቶቡሶች ባመጡ ጊዜ፣ ሹፌሩ ከእንግዲህ እንደ ንጉሥ ይቀመጣል ብለውን ነበር። ቃልዎን ስለጠበቁ አመሰግናለሁ፤ ባለቤቴ ይኸው ቤት ተቀምጧል። ቅሬታዬም የሚከተለው ነው።

፩. አውቶቡስዎ ከቆመበት ከመነሳቱ በፊት ያስባል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው ልሂድ አልሂድ እያለ ዳገቱን ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑ ድንገት ይይዝና እንደ ደነበረ በቅሎ ይዘላል። ዳገቱ ላይ ባለው ፌርማታ፣ ባለቤቴ በሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ወድቀው ክንዳቸው የተሰበረው በዚህ ዝላይ ነው።

፪. ሹፌሮቹ አስቀድመው ቢያመለክቱ «አውቶቡሱ ገና እየለመደ ነው» ብለው መለሱላቸው። ትዕግሥትዎ የሚደነቅ ነው፤ የሴትዮዋ አጥንት ግን እስኪለምድ አልጠበቀም። ባለቤቴ ሊጠይቃቸው ሲሄድ «ልጄ፣ አንተም እንደኔው ደንግጠሃል» ብለው እሳቸው አጽናኑት። ከእርስዎ ክፍል ግን ዝር ያለ የለም።

፫. «ፍሪሲዮን በድንገት በመልቀቅ» ብለው ፈረዱበት። ክቡር ሆይ፣ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ድሮው በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም! ነዳጅና ፍሬን ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ ናቸው። ግራ እግሩ አውቶቡሱ ከመጣ ወዲህ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ይባስ ብሎ የእግር አረጋገጥ ስልጠና አዘዙለት፤ ዕድሜውን ሙሉ ተሳፋሪ ጥሎ የማያውቅ ሰው ጠዋት ጠዋት በአሮጌ የጭነት መኪና ፍሪሲዮን መልቀቅ ይማራል። ሲመለስ ቀና ብሎ አያየኝም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ስሙን አጽድተው ወደ መሪው እንዲመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የአውቶቡስዎን መያዣ ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ለክብርዎ ዝቅ ለማለት ግን የማልደፍር፣

የሹፌሩ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ባለቤቴ ስልጠናውን በከፍተኛ ውጤት ጨረሰ፤ ግራ እግሩ ለሌለው ፔዳል ዝግጁ ነው። እስኪመለስ ድረስ አውቶቡሱን እንዲነዱ የመደቧቸው አሰልጣኙን ራሳቸውን ነው፤ ትናንት ተሳፍሬ ስሄድ እዚያው ዳገት ላይ እኔን ከነዘንቢሌ ዘረሩኝ። የእሳቸውን ግራ እግር ደግሞ ማን ዘንድ እንደሚልኩት ቢያሳውቁን?